መፍቻና ክላሽ፦ «የቴክኒክ ክፍል» ከግንባር ምን ያህል ይርቃል?

የመከላከያ ሠራዊት የምልመላ ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር ጎንደር ላይ አንድ ክርክር አብሮ ይነሣል። ከፒያሳ እስከ አዘዞ ባሉ ቡና ቤቶችና ጋራዦች የሚሰማው ይህ ክርክር ሁለት ጫፍ አለው። አንደኛው ወገን «ሙያ ያለው ልጅ ወርክሾፕ ነው የሚመደበው፤ ጥይት አያይም» ይላል። ሌላኛው «ወታደር ወታደር ነው፤ መፍቻ ቢይዝም ግባ ከተባለ ምሽግ ይገባል» ብሎ ይመልሳል። የመጀመሪያው አባባል ወላጅን ያጽናናል፤ ሁለተኛው ያስደነግጣል። ወጣቱ እንዲወስን የሚረዳው ግን አንዳቸውም አይደሉም።

ወታደራዊ ሙያ ከውጊያ መስመር ያለው ርቀት በሙያው ስም አይታወቅም። የሚታወቀው ባለሙያው በተመደበበት ክፍል ነው። አንድ ዓይነት ሥልጠና ከወሰዱ ሁለት መካኒኮች አንዱ መሀል አገር በጣሪያ ሥር ሞተር ሲያወርድ፣ ሌላው የመሣሪያ ሣጥኑን ጭኖ ከእግረኛ ሻለቃ ኋላ ሊጓዝ ይችላል። ሥራቸውም፣ አደጋቸውም፣ በመጨረሻ ይዘውት የሚወጡት ልምድም ይለያያል። ስለዚህ እጁን ማፍታታትም ሜዳ መውጣትም የሚወድ ወጣት፣ እንዲሁም ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚፈልግ፣ «የትኛው ሙያ?» ከማለቱ በፊት «የትኛው ክፍል ውስጥ?» ማለት ይኖርበታል።

## ጥያቄው ለምን አሁን በረታ

አንዱ ምክንያት ከትምህርት ቤት የሚመጣ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት የሚያመጣው ተፈታኝ ቁጥር በእጅጉ አንሷል። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ የ2015ቱ 3.2 በመቶ፣ የ2016ቱ 5.4 በመቶ፣ የ2017ቱ 8.4 በመቶ ብቻ ናቸው ያለፉት። የማካካሻ ትምህርቱ፣ በተለምዶ «ሪሚዲያል» የሚባለው፣ የተወሰኑትን ቢያሳልፍም ከቀሩት ብዙዎቹ ወደ ቴክኒክና ሙያ ይዞራሉ። ከዚያ አውቶ መካኒክ፣ ኤሌትሪክ፣ ብየዳ፣ ቅየሳ ተምሮ የሚወጣው ወጣት የሚያገኘው ገበያ ደግሞ እንደ ድሮው አይደለም። ቱሪስት የቀነሰበት የፋሲል ከተማ፣ በጸጥታ ምክንያት አንዴ ተከፍቶ አንዴ የሚዘጋው መንገድ፣ ጦርነት የገባበት የሱዳን ወገን፤ ሁሉም ጋራዡ ደጃፍ ላይ ይታያሉ። መኪና ካልመጣ መካኒክ ሥራ አያገኝም።

ሁለተኛው ምክንያት ማስታወቂያው ራሱ ነው። ዕድሜ፣ የትምህርት ደረጃ፣ ጤንነትና መመዝገቢያ ቦታ ይዘረዝራል። ተመልማዩ ከመሠረታዊ ሥልጠና በኋላ የት እንደሚመደብ አይናገርም። ክፍተቱን የሚሞላው ወሬ ነው።

## ጥገና በእርከን ይከፈላል

ነገሩን ለመረዳት ከመኪና ጥገና መጀመር ይቀላል። ሠራዊቶች ጥገናን በእርከን ይከፍላሉ። በታችኛው እርከን ሹፌሩ ወይም ተኳሹ ራሱ አለ፤ ዘይትና ውሃ ያያል፣ ጎማ ይቀይራል፣ መሣሪያውን ይወለውላል። ከዚያ በላይ ከሻለቃው ወይም ከብርጌዱ ጋር የሚንቀሳቀሰው መካኒክ ይመጣል፤ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ባትሪና ዲናሞ የእሱ ናቸው። በክፍለ ጦርና በዕዝ ደረጃ ያለው የጥገና ክፍል ሞተርና ካምቢዮ ሙሉውን አውጥቶ ይተካል። የመጨረሻው ዲፖ ነው፤ ዲፖ ማለት ተሽከርካሪው ብሎኑ ሳይቀር ተፈትቶ እንደ አዲስ የሚገጣጠምበት ከግንባር የራቀ ትልቅ ማእከል ነው።

«መካኒክ ግንባር አይሄድም» የሚለው ሰው የሚያስበው ይህን የመጨረሻውን እርከን ብቻ ነው። ነገር ግን ሠራዊት ብዙ መካኒክ የሚያስፈልገው ከታች ባሉት እርከኖች ነው፤ ምክንያቱም ስሌቱ የጊዜ ስሌት ነው። የቆመን ካሚዮን እዚያው መጠገን ሰዓታት ይፈጅ ይሆናል፤ ጎትቶ ወደ ኋላ ወስዶ ማስመለስ ግን ቀናት ይወስዳል፣ ጎታቹም ተሽከርካሪ በመንገድ ላይ ለአደጋ ይጋለጣል። እንግሊዞች ይህን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሰሜን አፍሪካ በረሃ ተማሩት። ቀድሞ በተለያዩ ክፍሎች ተበታትኖ የነበረውን የጥገና ሥራ አንድ ላይ ያመጣው የኤሌክትሪክና መካኒካል መሐንዲሶች ኮር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1942፣ ከኤል አላሜይን ውጊያ ጥቂት ሳምንታት በፊት ነው። በዚያ ኮር ውስጥ ያለ ሰው በመጀመሪያ ወታደር፣ ቀጥሎ ባለሙያ ነው የሚል መርህ እስከ ዛሬ አለ።

ከዚህ ሥራ ውስጥ ብዙም የማይነገርለት የተሽከርካሪ አንሺው ነው። ገደል ጠርዝ የተንጠለጠለ ወይም ጭቃ ውስጥ የሰመጠ ከባድ መኪና በገመድና በዊንች ማውጣት የኃይልን አቅጣጫ፣ የገመድን አቅምና የመሬቱን ጠባይ ማስላት ይጠይቃል። ስሌቱ ሲሳሳት የሚበጠሰው ገመድ ሰው ይገድላል። ቴክኒክንና ሜዳን በአንድ ሥራ ውስጥ ማግኘት የፈለገ ሰው ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አያገኝም፤ የሚገርመው፣ ማስታወቂያ ላይም ሆነ በወጣቶች ምኞት ውስጥ ስሙ ሲነሣ አይሰማም።

## ደጋና ቆላው የሚጨምረው ሥራ

ጎንደር ያደገ ሰው የመሬቱን ነገር ሳይማር ያውቀዋል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። ወደ ምዕራብ መተማ ሲወረድ ከ1,000 ሜትር በታች ያለ ሐሩር ቆላ ይገኛል፤ ወደ ሰሜን ደግሞ ደባርቅ፣ ከዚያም ከ4,500 ሜትር በላይ የሚደርሰው ራስ ደጀን ያለበት የስሜን ሰንሰለት። ይህ ልዩነት በሞተር ላይ በቁጥር ይታያል። «ተርቦ» የሚባለው አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ የሌለው ሞተር ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ገደማ ያጣል፤ አየሩ ስለሚሳሳ ነዳጁ በሚገባ አይቃጠልም። ቆላ ሲወረድ ችግሩ ተገልብጦ ራዲያተሩ ይፈላል። በጣሊያን ጊዜ የተጠረገው የሊማሊሞ ጠመዝማዛ ላይ ደግሞ ጭነት ይዞ የሚወርድ ሹፌር ማርሽ ከመጠቀም ይልቅ ፍሬን ላይ ከቆመ ሸራው ይግልና መያዙን ያቆማል። በአንድ ግዳጅ ውስጥ ሦስቱንም የሚያይ የሻለቃ መካኒክ በወርክሾፕ የማይገኝ ልምድ ያከማቻል። የጎንደር ጋራዥ ልጆች ይህን ዕውቀት ቀድመው ይዘው መግባታቸው ጥቅም ነው፤ ወደ ሜዳ ክፍል የሚያስመርጣቸው ግን ይኸው ዕውቀት ሊሆን እንደሚችልም ማሰብ ተገቢ ነው።

በመገናኛ ክፍል ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ነው። ብዙ ሰው የመገናኛ ባለሙያን ቢሮ ውስጥ ማዳመጫ ያጠለቀ ሰው አድርጎ ይስለዋል። ሠራዊቶች በቅርብ ርቀት የሚጠቀሙበት «ቪ ኤች ኤፍ» የሚባለው የሬዲዮ ሞገድ ግን ቀጥታ ነው የሚጓዘው፤ ተራራ ከመሀል ከገባ ይቋረጣል። መፍትሔው በከፍታ ላይ ሪፒተር መትከል ነው፤ ሪፒተር ድምፁን ተቀብሎ በአዲስ ኃይል የሚያስተላልፍ መሣሪያ ነው። ያንን መሣሪያ፣ ባትሪውንና አንቴናውን ተራራ ላይ የሚያወጣ፣ እዚያው የሚጠብቅና የሚጠግን ሰው ያስፈልጋል። ለረጅም ርቀት የሚውለው «ኤች ኤፍ» ሞገድ በበኩሉ ከላይኛው የከባቢ አየር ንብርብር እየነጠረ ስለሚመለስ ከተራራ ማዶ ይሰማል፤ ነገር ግን ቀንና ሌሊት የሚሠራበት ድግግሞሽ ስለሚለያይ አንቴናውን መለካትና መምረጥ ዕውቀት ይፈልጋል። እንደ ስሜን ባለ ምድር የመገናኛ ወታደር ከእግረኛው ባልተናነሰ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ጭነቱም ይከብዳል።

ቴክኒክና ሜዳ ተለያይተው እንደማይኖሩ ለዚህ አካባቢ ሰው ማስረዳት የሚያስፈልግም አይመስለኝም። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን ሲያሠሩ ቀልጦ መቀረጹ የሥራው ግማሽ ብቻ ነበር። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ብረት በተራራና በሸለቆ እስከ መቅደላ ማድረስ ወራት የፈጀ የመንገድ ሥራ ጠየቀ። በ1860 ዓ.ም. በመቅደላው ውጊያ መድፉ ይህ ነው የሚባል ሚና አልነበረውም፤ እዚያ ያደረሰው መንገድ ግን ትልቅ የምሕንድስና ሥራ ነበር።

## ሕክምና፦ በጣም የሚፈለገው፣ በጣም የሚጋለጠው

ጎንደር ስለ ሜዳ ሕክምና ለማውራት ተገቢ ቦታ ናት። የዛሬው ዩኒቨርሲቲ መነሻ የሆነው የጤና ጥበቃ ኮሌጅና ማሠልጠኛ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት የኋላ ምክንያቱ በደምቢያ የደረሰው የወባ ወረርሽኝ ነበር። የሠለጠኑትም የጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች በቡድን ሆነው ወደ ገጠር የሚወጡ ነበሩ። ሕክምናን ከሆስፒታል ግድግዳ አውጥቶ ሜዳ ላይ የማድረግ ሐሳብ በከተማዋ ሰባ ዓመት ኖሯል።

በሠራዊት ውስጥ ያለው የሜዳ ሕክምና ግን ሌላ ጠባይ አለው። ሊድን የሚችል ቁስለኛ በአብዛኛው የሚሞተው በደም መፍሰስ ነው፤ ያውም ሐኪም ዘንድ ሳይደርስ። ስለዚህ የሕክምና ባለሙያው በቅድሚያ የሚማረው ደም ማቆም፣ የመተንፈሻ ቧንቧ መክፈትና ቁስለኛውን በቃሬዛ ማውጣት ነው። «ቱርኒኬት» የሚባለው እጅና እግርን አጥብቆ የሚያስር መጠምዘዣ ማሰሪያ በደቂቃዎች ውስጥ ካልታሰረ ከኋላ ያለው የቀዶ ሕክምና ክፍል ምንም አያደርግም። ይህ ማለት ሕክምናውን የሚሰጠው ሰው ቁስለኛው በወደቀበት ቦታ መገኘት አለበት። የነርስነት ዲፕሎማ ይዞ የገባ ሰው ሆስፒታል ሊመደብ ይችላል፤ ሻለቃ ውስጥ ከተመደበ ግን ከእግረኛው አሥርና ሃያ እርምጃ ነው ርቀቱ።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1969 ያጸደቀቻቸው የ1949ኙ የጄኔቫ ስምምነቶች የሕክምና ባለሙያን ሆነ ተብሎ ዒላማ ማድረግን ይከለክላሉ። ባለሙያው ራሱንና ቁስለኞቹን ለመከላከል ቀላል መሣሪያ ቢይዝ ጥበቃው አይነሣበትም፤ በውጊያ ከተሳተፈ ግን ያጣዋል። ሕጉ ይህ ነው። በተግባር ከሩቅ የሚተኮስ መድፍም ሆነ ከሰማይ የሚጣል ቦምብ የቀይ መስቀል ምልክትን አንብቦ አይለይም፤ በብዙ ጦርነቶች ደግሞ ምልክቱ እየታየም ተጥሷል። «ሕክምና ከሆነ ምንም አይነካውም» የሚለው ማጽናኛ በዚህ ምክንያት ደካማ ነው።

በሌላ በኩል ከወታደራዊ ሙያዎች ሁሉ ወደ ሲቪል ሕይወት በቀላሉ የሚሻገረው ይህ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል። የመኪና አደጋ በበዛበት አገር የድንገተኛ ሕክምና ልምድ ያለው ሰው ተፈላጊ ነው።

## መሐንዲስና ፈንጂ አምካኝ

የመሐንዲስ ክፍል ድልድይ ይሠራል፣ መንገድ ይከፍታል፣ ውሃ ያወጣል፣ ምሽግ ያስቆፍራል፤ ፈንጂ ያጠምዳል፣ ያነሣል። ግሬደርና ዶዘር ኦፕሬተሩ፣ ቀያሹ፣ በያጁ በዚህ ይካተታሉ። በሰላም ጊዜ ከሲቪል የመንገድ ሥራ የሚለየው ጥቂት ነው። በውጊያ ጊዜ ግን ዶዘሩ ከእግረኛው ቀድሞ የሚገባበት ጊዜ አለ፤ መንገዱን የሚከፍተው እሱ ነውና።

የፈንጂ ማምከን ሥራ በዚህ ውስጥ ለብቻው የሚታይ ነው። ኢትዮጵያ ፀረ ሰው ፈንጂን የሚከለክለውን የኦታዋ ስምምነት ያጸደቀችው በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ቀደም ብሎ ከኤርትራ ጋር የተደረገው ጦርነት የተወውን ፈንጂ የሚያጸዳ ጽሕፈት ቤት ተቋቁሞ ነበር። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የተደረጉት ጦርነቶችም በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ያልፈነዱ ተተኳሾችን ትተዋል። ሥራው ለረጅም ዓመታት እንደማይጠፋ ግልጽ ነው፤ በዓለም አቀፍ ደረጃም ከሠራዊት የወጡ አምካኞችን የሚቀጥሩ ሰብዓዊ ድርጅቶች አሉ። ይሁን እንጂ ሰው የሚመረጠው በጠባዩ ነው። ትዕግሥት፣ ለመመሪያ መገዛትና መሰላቸትን መቻል ከድፍረት ይቀድማሉ። ደፋር ነኝ ብሎ የሚመጣ ሰው እዚህ ሥራ ላይ ያሳስባል።

## ድሮን ርቀቱን እያዛባው ነው

እስከ ቅርብ ጊዜ «ቴክኒክ በበዛ ቁጥር ከግንባር መራቅ ይበዛል» የሚለው ግምት በከፊል ይሠራ ነበር። ትልልቁን ሰው አልባ አውሮፕላን የሚያበርረው ሰው አሁንም ከሩቅ ጣቢያ ሆኖ ነው። የዩክሬን ጦርነት ያሳየው ግን ሌላ ነው፤ ትንንሾቹን ድሮኖች የሚያበርሩት ከመስመሩ በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ሆነው ሲሆን የሚለቁት የሬዲዮ ሞገድ ቦታቸውን ያሳብቃል። ተቃራኒው ወገን ከታንኩ ቀድሞ ኦፕሬተሩን ይፈልጋል። ከኋላ ያለው የጥገና ማእከልና የነዳጅ ማከማቻም ከረጅም ርቀት የሚመታ ሆኗል። ደጀን የሚባለው ቦታ እየጠበበ ነው፤ ይህ ለውጥ ወደ ሌሎች ሠራዊቶችም መድረሱ የማይቀር ነው።

## የሚመርጠው ማን ነው?

በጎንደር ወጣቶች ዘንድ የሚሰማው ምክር አንዳንዱ ከአሜሪካ የሚመጣ ነው። በዲቪ ሄደው ወይም በቤተሰብ ተጠርተው አሜሪካ ጦር የገቡ ዘመዶች «ሥራህን አንተው ምረጥ፤ ሳይጽፉልህ አትፈርም» ይላሉ። እዚያ ምክሩ ትክክል ነው። የአሜሪካ ምልምል «አስቫብ» የሚባል የችሎታ ፈተና ይወስዳል፤ ውጤቱ የትኞቹ ሥራዎች እንደሚከፈቱለት ይወስናል። እያንዳንዱ የሥራ መደብ የራሱ ኮድ አለው፤ ለምሳሌ 12ቢ የውጊያ መሐንዲስ፣ 68ደብሊዩ የሜዳ ሕክምና ባለሙያ ነው። የተስማሙበት ሥራ በውሉ ላይ ይሰፍራል። እዚያም ቢሆን ገደብ አለ፤ ግሪን ካርድ ያለው ሰው መቀጠር ቢችልም ምስጢራዊ መረጃ የማየት ፈቃድ የሚጠይቁት የመገናኛና የመረጃ ሥራዎች ዜግነት እስኪያገኝ ድረስ ዝግ ናቸው።

ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ተመልማዩ በመጀመሪያ መሠረታዊ ወታደር ሆኖ ይገባል፤ እንደ ብርሸለቆና ሁርሶ ባሉ ማሠልጠኛዎች ሥልጠናውን ይጨርሳል። ከዚያ በኋላ ነው ተቋሙ እንደ ፍላጎቱ ለእግረኛ፣ ለመድፈኛ፣ ለመገናኛ፣ ለመሐንዲስ ወይም ለሜካናይዝድ የሚመድበው። ቀድሞ የያዘው የሙያ ማስረጃ ግምት ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ መብት ግን አይሰጠውም። ከዚህ የሚለዩ በሮችም አሉ። ተቋሙ በተወሰኑ ሙያዎች የተመረቁ ሰዎችን በማስታወቂያ ይፈልጋል። የመከላከያ ዩኒቨርሲቲ በምሕንድስና፣ በጤናና በሌሎች መስኮች የራሱን ባለሙያ ያሠለጥናል። መከላከያ ሚኒስቴር ደግሞ እንደማንኛውም መሥሪያ ቤት ማዕረግ የሌላቸው ሲቪል ሠራተኞችን ይቀጥራል። ስለዚህ ሙያውን የሚወድ ነገር ግን ሜዳ የማይፈልግ ወጣት የሲቪል ሠራተኛውን በር ማንኳኳቱ በመደበኛው ምልመላ ገብቶ ዕድሉን ከመጠበቅ ይሻላል። ሁለቱንም የሚፈልግ ሰው በምሩቃን ጥሪ በኩል ቢገባ የተሻለ ነው፤ ቢያንስ የተጠራበት ሙያ ከመጀመሪያው ይታወቃል።

ሕጉንም ማንበብ ይገባል። የአገልግሎት ዘመንን፣ ስንብትንና ጥቅማ ጥቅምን የሚመለከተው መሠረታዊ ሕግ የ2011ዱ የመከላከያ ሠራዊት አዋጅ ቁጥር 1100 ከነማሻሻያው ነው። ፊርማው ለዓመታት የሚያስር ግዴታ ነው፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ከሠራዊት መኮብለልን በወንጀል ያስቀጣል። «ካልተመቸኝ እወጣለሁ» የሚል ሰው ጋራዥ መቀጠርን ከውትድርና ጋር እያምታታ ነው።

## ጎንደር ላይ የሚጨመረው ክብደት

እስካሁን የተባለው የትም አገር ላለ ወጣት ሊባል ይችላል። ጎንደር ላይ ግን ሌላ ነገር አለ። ከ2015 ዓ.ም. አጋማሽ ወዲህ በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል በአማራ ክልል የሚደረገው ውጊያ የሠራዊት ሥራን ከሩቅ የሚታይ ሙያ አላደረገውም። የሚመለመለው ልጅ ወንድም ወይም የሠፈር ጓደኛ በሌላው ወገን ሊኖር ይችላል። ቤተሰቡ ገጠር ከሆነ የልጁ ምርጫ በእነሱ ላይ መዘዝ ሊያመጣ ይችላል።

በዚህ ላይ የሚሰሙት አስተያየቶች ይለያያሉ። አንደኛው፣ መከላከያ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 87 መሠረት የብሔር ብሔረሰቦችን ሚዛናዊ ተዋጽኦ ያካተተና ከፖለቲካ ድርጅት ወገንተኝነት ነጻ መሆን ያለበት የአገር ተቋም ነው፤ የአካባቢው ልጆች ከራቁ ተዋጽኦው ይጓደላል፣ ተቋሙም ይበልጥ እንግዳ ይሆናል ይላል። ሁለተኛው፣ ይህ ተቋም ዛሬ በዚሁ ምድር ላይ እየተዋጋ ነው፤ መካኒክም ሆነ ሐኪም ሆኖ መግባት ከዚያ ውጊያ ውጭ አያደርግም ሲል ይከራከራል። ሦስተኛው ሥራ ካጣ ወጣት አፍ የሚሰማ ነው፤ ደመወዝና ሥልጠና የሚሰጥ ሌላ ተቋም አሳዩኝ ይላል።

በእኔ ግምት ሁለተኛው አስተያየት ከቴክኒክ አንጻር ሲታይ ልክ ነው። መኪና የሚጠግን ሰው ጦሩን ያንቀሳቅሳል፤ ሬዲዮ የሚተክል ሰው ትእዛዝ ያደርሳል። «እኔ የጠገንኩት መኪና ብቻ ነው» የሚል ገለልተኝነት በሠራዊት ውስጥ የለም፤ ገለልተኛ ነኝ ብሎ የሚገባ ሰው ገብቶ ይጨነቃል። ይህ ማለት ግን መግባት ስሕተት ነው ማለት አይደለም። የመጀመሪያውን አስተያየት ከልቡ ተቀብሎ የሚገባ ሰው ቢያንስ ለምን እንደገባ ያውቃል። ሦስተኛው ወገን ላይ መፍረድ ይከብዳል፤ ጥያቄው ለወጣቱ ሳይሆን የሥራ ገበያውን ለሚመሩት ነው።

በመርህ ደረጃ አባልነት በፈቃድ ነው። በደርግ ጊዜ በ1975 ዓ.ም. የታወጀው የብሔራዊ ውትድርና ግዴታ ዛሬ የለም፤ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉትን የሚጠራው ያ አዋጅ በየቤቱ የተወው ትዝታ ግን አልጠፋም። በ2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በኦሮሚያ ክልል አንዳንድ አካባቢዎች ወጣቶች ያለ ፈቃዳቸው ለምልመላ መያዛቸውን መግለጹ ያንን ትዝታ ቀስቅሶታል። በዚህ ሁኔታ ላይ ሆኖ ስለ ሙያ ምርጫ ማውራት ትርጉም የሚኖረው ፈቃዱ እውነተኛ ሲሆን ብቻ ነው።

## ሲወጡ ምን ይዘው ይወጣሉ?

በ1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲበተን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች ወደ ሲቪል ሕይወት ተመለሱ። እግረኛ የነበረ ሰው ይዞት የወጣው ልምድ ገበያ አልነበረውም፤ ከባድ መኪና መንዳት ወይም መጠገን የሚችለው ቢያንስ የሚያንኳኳው በር ነበረው። የአየር ኃይል አብራሪዎችና ቴክኒሻኖችም በተለያየ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ አየር መንገድ የተሻገሩበት መንገድ በደንብ ይታወቃል።

ሰላም ማስከበርም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ኢትዮጵያ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል የአብዬን ተልእኮ በዋናነት ስትሸፍን፣ እንዲሁም በደቡብ ሱዳን ስትሰማራ፣ የተባበሩት መንግሥታት ለመንግሥት የሚከፍለው ለወታደሩ ብቻ አልነበረም። «ዌት ሊዝ» በሚባለው አሠራር አገሪቱ ተሽከርካሪዋን ይዛ ትሄዳለች፣ ጥገናውንም ራሷ ትችላለች፤ የኪራይ ክፍያውን የምታገኘው መሣሪያው እየሠራ መሆኑ በቁጥጥር ሲረጋገጥ ነው። የቆመ መኪና ገንዘብ አያስገባም። በእንዲህ ዓይነት ተልእኮ መካኒክ፣ ጄኔሬተር ኦፕሬተርና የውሃ ማጣሪያ ባለሙያ ዋጋቸው በሒሳብ ሰነድ ላይ ይታያል፤ ከዓለም አቀፍ አሠራር ጋርም ይተዋወቃሉ።

ትልቁ ችግር ማስረጃ ነው። የአሜሪካ ጦር የሜዳ ሕክምና ባለሙያ በቴክሳስ 16 ሳምንት ሲሠለጥን የሲቪሎቹን የድንገተኛ ሕክምና ብሔራዊ ፈተና አብሮ ይወስዳል፤ ሲወጣ ወረቀቱ ሆስፒታሉ የሚያውቀው ወረቀት ነው። እኛ ዘንድ በሠራዊት ውስጥ የተሠራ ሥራ በሲቪል ቀጣሪ ዓይን ብዙ ጊዜ «ወታደር ነበር» በሚል ሁለት ቃል ይጠቃለላል። አሥር ዓመት ሙሉ አንድ ዓይነት የጦር ተሽከርካሪ ብቻ የጠገነ ሰው ደግሞ የዘመኑን ኮምፒውተር ያለበት የቤት መኪና ሲያይ ሊቸገር ይችላል። ትችቱ ከጋራዥ ባለቤቶች ሲሰማ ንቀት ይመስላል፤ ከፊሉ ግን እውነት ነው።

መፍትሔው በእጅ ያለ ነው፦ በተለምዶ «ሲ ኦ ሲ» የሚባለው የሙያ ብቃት ምዘና። ምዘናው ሙያውን የት ተማርክ ብሎ ሰውን አይለይም፤ በሥራ ላይ የተማረም መቀመጥ ይችላል። ስለዚህ ከፊርማ በፊት መጠየቅ ያለባቸው ነገሮች ከደመወዝ ይልቅ እነዚህ ናቸው፦ የሙያ ሥልጠናው ስንት ወር ነው? ከየትኛው ደረጃ ጋር ይመጣጠናል? አገልግሎት ላይ እያለሁ ለምዘና እንድቀመጥ ይፈቀዳል? የሥራ ልምድ ደብዳቤው ማዕረጌን ብቻ ሳይሆን የሠራሁባቸውን መሣሪያዎች ይዘረዝራል? አገር ውጊያ ላይ ስትሆን የአገልግሎት ዘመኔ ቢያልቅ ስንብቴ እንዴት ይታያል? መልሱ በቃል ብቻ ከሆነ የመለሰውን ሰው ስምና የተነገረበትን ቀን ጽፎ መያዝ ምንም ወጪ የለውም። ከመግባቱ በፊት ደረጃ ሁለት ወይም ሦስት ተመዝኖ ማስረጃውን የያዘ ልጅም፣ ምደባውን መምረጥ ባይችል እንኳ፣ ዋናውን ማስረጃ ቤት ትቶ ኮፒውን ይዞ ቢሄድ ይሻለዋል፤ ሜዳ ላይ ወረቀት ይጠፋል።